ሁለቱ ቡሬዎች፦ ወርቅ፣ ጨውና የሲራራ መንገድ በምዕራብ አፍሪካና በጎጃም

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ የደጋው ጫፍ ናት። ከእርሷ ወዲያ ምድሩ እያዘቀዘቀ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ወለጋ ነው። በአህጉራችን ምዕራባዊ ክፍል ደግሞ፣ በዛሬይቱ ጊኒ፣ በላይኛው የኒጀር ወንዝ ተፋሰስ፣ ሲጊሪ በምትባለው ከተማ አካባቢ ሌላ ቡሬ ይገኛል። ያኛው ቡሬ የወርቅ አገር ነው። የማሊ ነገሥታት ዝና እስከ ካይሮና እስከ አውሮፓ ሊሰማ የቻለው፣ የዚያ አገር ገበሬዎች በበጋ ወራት ጉድጓድ እየቆፈሩና አፈር እያጠቡ ባወጡት ወርቅ ነበር።

የሁለቱ ስሞች መመሳሰል የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ከስም መመሳሰል ተነሥቶ የዘር ዝምድና መፍጠር የታሪክ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ቡሬዎች የሚያዛምድ ከስም የጠለቀ ጉዳይ አለ። ሁለቱም ወርቅና ጨው በሚለዋወጡበት ረጅም መንገድ ላይ የሚገኙ ናቸው፤ የአንደኛው ታሪክ ለሁለተኛው ብርሃን ይሰጣል። ወርቁን ያወጣው አንድ ሰው ነው፤ ጨውን የቆረጠው ሌላ ነው፤ የከበረው ግን በመካከል የቆመው ሦስተኛው ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ይህ ጽሑፍ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሸዋው ባሕር ዳርቻ

ዐረቦች ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ የተዘረጋውን ምድር «ሳሕል» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜው የባሕር ዳርቻ ማለት ነው። ስያሜው ትክክለኛ ነው። በረሃው እንደ ባሕር፣ ግመሉ እንደ መርከብ፣ በዳርቻው የቆሙትም ከተሞች እንደ ወደብ ነበሩና። ከሰሜን የመጣ ጭነት በግመል ተጭኖ ሳሕል ይደርሳል፤ ከዚያ በአህያና በበሬ፣ በኒጀር ወንዝ ላይም በጀልባ ይቀጥላል። ወደ ደቡቡ ጫካ ሲቃረብ ግን የጭነት ከብት የገንዲ በሽታ በሚያስተላልፈው ዝንብ ስለሚያልቅ፣ ዕቃው በሰው ራስ ላይ ይወጣል። ጭነት የሚለወጥበት ቦታ ሁሉ ማረፊያ፣ ማረፊያው ገበያ፣ ገበያውም በጊዜ ብዛት ከተማ ይሆናል።

ከእነዚህ መንግሥታት በጥንታዊነቱ የሚታወቀው ጋና ነው። የዛሬይቱ ጋና ስሙን ወረሰች እንጂ፣ ጥንታዊው ጋና የሶኒንኬ ሕዝብ ያቆመው፣ በዛሬይቱ ሞሪታንያና ማሊ ወሰን አካባቢ የነበረ መንግሥት ነው። የኮርዶባው ጸሐፊ አል በክሪ በ1068 እንደ ጻፈው፣ የጋና ንጉሥ ወደ አገሩ ከሚገባ ከእያንዳንዱ የአህያ ጭነት ጨው አንድ ዲናር ወርቅ፣ ከሚወጣው ደግሞ ሁለት ዲናር ይቀርጥ ነበር። በማዕድኑ የሚገኘው ድፍን ወርቅ የንጉሡ ነው፤ ለሕዝቡ የሚፈቀደው ብናኙ ብቻ ነበር። እንግዲህ የመንግሥቱ ጉልበት ከወርቁ ጉድጓድ ይልቅ በኬላው በር ላይ ቆሞ የሚቀርጠው እጅ ነበር ማለት ነው።

አል በክሪ ስለ ዋና ከተማው የተወው መግለጫ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከተማው ሁለት ነበር። በአንደኛው አሥራ ሁለት መስጊዶች ያሏቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ይኖራሉ፤ በሌላው፣ ስድስት ማይል ርቆ፣ በአባቶቹ እምነት የጸናው ንጉሥ ተቀምጧል። ይህ አሠፋፈር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጎንደር በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሠፍሩ ወስኗል፤ የከተማይቱም ንግድ በእነዚሁ ተለይተው በሠፈሩት ሰዎች እጅ ነበር። በሁለቱም አገሮች ቤተ መንግሥቱ ነጋዴውን ይፈልገዋል፣ ግን ያርቀዋል፤ ያርቀዋል፣ ግን ያለ እርሱ አይኖርም።

ከጋና በኋላ በ13ኛው ምእት ዓመት ሰንዲያታ ኬይታ የማሊን መንግሥት አጸና። የእርሱ ተከታይ ማንሳ ሙሳ በ1324 ወደ መካ ሲጓዝ ካይሮ ላይ ብዙ ወርቅ ከመበተኑ የተነሣ፣ የወርቅ ዋጋ ወድቆ ለዓመታት ሳይነሣ መቅረቱን አል ዑመሪ ጽፏል። በ15ኛው ምእት ዓመት ደግሞ ሶንግሃይ በተራው ገነነ፤ ሶኒ ዓሊና ከእርሱ በኋላ የነገሠው አስኪያ መሐመድ ቲምቡክቱን፣ ጄኔንና ጋኦን በአንድ አገዛዝ ሥር ያዙ።

ዝናው ሁሉ የነገሥታቱ ነው። ነገር ግን ያው አል ዑመሪ ከብዙ አንባቢዎች ዓይን የሚያመልጥ አንድ ነገር መዝግቧል። የማሊ ነገሥታት የወርቁን አገር ሰዎች በኃይል ይዘው እስልምናን ሊያስፋፉባቸው በሞከሩ ቁጥር የወርቁ ምርት ይቀንስባቸው ነበር፤ ስለዚህ በእምነታቸው ትተዋቸው ግብር ብቻ መቀበልን መረጡ። ወርቅ አውጪው ጦር አልነበረውም፣ ዜና መዋዕል ጸሐፊም አልነበረውም። ነገር ግን መቆፈሪያውን ያስቀመጠ ዕለት የዓለም ባለጠጋ የተባለው ንጉሥ ይቸገር ነበር። የሠራተኛ እጅ በታሪክ ውስጥ ያለውን ክብደት ከዚህ አብልጦ የሚያስረዳ ምስክር ማግኘት ያዳግታል።

ከአገው ምድር እስከ ሳሱ

የምዕራብ አፍሪካ የወርቅና የጨው ንግድ ሲነሣ ተደጋግሞ የሚወሳው ድምፅ አልባው ገበያ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ዘርግቶ ይርቃል፤ የወርቁ ባለቤት መጥቶ ከዕቃው አጠገብ የሚመስለውን ያህል ወርቅ አኑሮ ይሄዳል፤ ነጋዴው ከተስማማ ወርቁን ያነሣል፣ ካልተስማማ ይተወዋል። ሁለቱ ወገኖች ሳይነጋገሩ ይገበያያሉ።

እንዲህ ስላለው ገበያ በጣም ዝርዝር ከሆኑት ጥንታውያን መግለጫዎች አንዱ ግን የተጻፈው ስለ እኛ አገር ነው። በ6ኛው ምእት ዓመት፣ በንጉሥ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስን የጎበኘው ግሪክኛ ጸሐፊ ኮስማስ እንደሚለው፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ አማካይነት ሳሱ ወደሚባል አገር ሰዎች ይልክ ነበር። ከእነርሱም ጋር ከአምስት መቶ የሚበልጡ ነጋዴዎች ይጓዛሉ። የሚወስዱት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። ከአገሩ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ተከልለው ይሠፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰዎች እንደ አተር ያለ የወርቅ እንክብል አምጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ ያስቀምጣሉ። ጉዞው እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ሲመለሱ የሚፈጥኑት ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ መንገዱን እንዳይዘጉባቸው ነው።

ብዙ ሊቃውንት ሳሱን በፋዙግሊና በቤኒ ሻንጉል አካባቢ፣ ከዓባይ ወንዝ አጠገብ ካለው የወርቅ አገር ያደርጉታል። ቦታው ይህ ከሆነ ጉዞው የአገውን ምድርና የዓባይን ተፋሰስ የተከተለ ነው። የዛሬው ምዕራብ ጎጃምም ከዚህ ወርቅ መንገድ የራቀ አልነበረም። በሬ፣ ጨውና ብረት ሰጥቶ ወርቅ መቀበል፣ ክረምትን ፈርቶ መመለስ፣ ከኮስማስ በኋላ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በዚህ አገር የቀጠለ የኑሮ ሥርዐት ነው።

አሞሌ በዓባይ ማዶ

የአሞሌ ጨው የሚቆረጠው በአፋር በረሃ ነው። ከዚያ በግመል ተጭኖ ወደ ትግራይ ደጋ ጠርዝ ይወጣል፤ ግመል ከደጋው ላይ ስለማይጠቅም በበቅሎና በአህያ ይለወጣል፤ በየአውራጃው እያለፈ ወደ ጎጃም ይደርሳል፤ በመጨረሻም ዓባይን ይሻገራል። ጭነት በተለወጠ ቁጥር፣ ቀረጥ በተከፈለ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ጨው ከሚቆረጥበት ቦታ አጠገብ ከመቶ በላይ አሞሌ በአንድ ድራም ወርቅ ይገኝ ነበር፤ ንጉሡ ካለበት ሲደርስ ግን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ያንኑ ያህል ያወጣል። ዳሞት ሲደርስ ደግሞ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ አንድ ባሪያ ይገዛ እንደ ነበር ነገሩት።

አልቫሬዝ የጠቀሰው ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ ይዘረጋ የነበረው አገር ነው። ሞተለሚ የተባለው የ13ኛው ምእት ዓመት ንጉሥ የነገሠበት፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮንም በ14ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ያስገበሩት አገር ይኸው ነው። በኋላ ሕዝቡ በከፊል ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን በመምጣቱ ስሙ በጎጃም ውስጥ ላለው ዳሞት ተረፈ። ስለዚህ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አካባቢ ሰው ዳሞት የሚለውን ስም ሲጠራ፣ ሳያስበው ይህንኑ የወንዝ ማዶ አገር ታሪክ እየጠራ ነው።

ከአልቫሬዝ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1352፣ ወደ ማሊ የተጓዘው ኢብን ባቱታ ከዚሁ ጋር የሚነጻጸር ነገር አይቷል። በሰሐራ መካከል ባለችው በታጋዛ ቤቱ ከጨው ጡብ ተሠርቶ በግመል ቆዳ ይከደናል፤ ጨው ቆራጮቹ ባሮች ናቸው። አንድ የግመል ጭነት ጨው ዋላታ ሲደርስ ከስምንት እስከ አሥር ሚስቃል ወርቅ ያወጣል፤ የማሊ ከተማ ሲደርስ ከሃያ እስከ ሠላሳ፣ አንዳንዴም አርባ ይሆናል። ሕዝቡም ጨውን እየቆራረጠ እንደ ወርቅና እንደ ብር ይገበያይበት ነበር። በጎጃም ገበያ የተሰበረ አሞሌ እንዴት ዋጋ እንደሚጐድልበት ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህንን ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም።

በ19ኛው ምእት ዓመት የጎጃም ታላቅ ገበያ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ነው። እንግሊዛዊው ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከሰሜን አሞሌ፣ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ይመጣል። ከደቡብ ደግሞ ቡና፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና በባርነት የተያዙ ሰዎች ይመጣሉ። መንገዱ ከምጽዋ በአድዋና በጎንደር አድርጎ ጎጃም ይገባል፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ ወደ አሰንዳቦ፣ ከዚያም አባ ባጊቦ ይገዙት ወደ ነበረው ሊሙ ኢናርያ፣ ሳቃ ወደሚባለው ገበያና ወደ ከፋ ይዘልቃል። ባሶ ወደ ጉድሩ መሻገሪያ እንደ ነበረች፣ ቡሬም ወደ ወለጋ የሚወርደው መንገድ በር ነበረች። ዓባይ ጎጃምን ከሦስት ወገን ስለከበበው ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ሲራራውም ይቆማል። ነጋዴው በበጋ ሲወርድ የበረሃው ንዳድ ይጠብቀዋል፤ ንዳዱን ያመለጠ ሽፍታ፣ ሽፍታን ያመለጠ ኬላ ይጠብቀዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ እንደ ምዕራብ አፍሪካው ዋንጋራ ነጋዴ፣ ከአገር አገር የሚዞረው ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሰሜን ጀበርቲዎችና ከዓባይ ማዶ ያሉ የኦሮሞ ነጋዴዎች ነበሩ። ሁለተኛው ኬላውን የያዘው መኰንንና ነጋድራሱ ነው። ሦስተኛው ጭነቱን የሚጭን፣ የሚያወርድና የሚነዳ፣ ወይም ራሱ እንደ ጭነት የሚነዳው ሰው ነው። የመጀመሪያው በተጓዦች ማስታወሻ፣ ሁለተኛው በዜና መዋዕል ሰፍሯል። የሦስተኛውን ስም ግን የጻፈለት የለም ለማለት ይቻላል።

መንገዱ ሲዞር

በመካከል በመቆም የተገኘ ሀብት መካከሉ ሲለወጥ ይጠፋል። በ1591 የሞሮኮ ሠራዊት በረሃውን አቋርጦ ቶንዲቢ በተባለው ስፍራ የሶንግሃይን ጦር በጠመንጃ ኃይል አሸነፈ። አሸናፊው ግን የወርቁን ጉድጓዶች አልያዘም። ወርቁ ከ1482 ጀምሮ ፖርቱጋሎች ምሽግ ወደ ሠሩበት ወደ ኤልሚና የባሕር ዳርቻም መፍሰስ ጀምሮ ነበርና፣ ንግዱ ቀስ በቀስ ከአሸዋው ባሕር ወደ እውነተኛው ባሕር ዞረ። የሳሕል ከተሞችም የቀድሞ ክብራቸው ተመናመነ።

ጎጃምም የራሷ ቶንዲቢ አላት። ራስ አዳል በ1881 ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ በተባሉ ጊዜ፣ ከፋ የሚለው ስም የክብር ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የቡናው፣ የዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱና የወርቁ መንገድ ስም ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ዓይናቸው በዚያው አገር ላይ ነበር። በ1882 ከዓባይ በስተደቡብ እምባቦ ላይ ሁለቱ ተዋጉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ሆነው ተማረኩ። ከዚህ በኋላ የደቡቡ ምርት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፤ በ1917 የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ተደመደመ። ባሶና ቡሬ ገበያነታቸው ባይጠፋም፣ የአንድ ታላቅ መንገድ መካከል መሆናቸው ግን ቀረ። በእምባቦ ሜዳ የወደቀው ወታደር ለየትኛው አሞሌና ለየትኛው ቡና እንደሞተ የነገረው አልነበረም። ጦርነቱ የተካሄደበት ምድር ሕዝብም የማንኛቸው ገባር ልሁን ብሎ የተጠየቀ አልነበረም።

ገበያው የወለደው ባህል

ንግድ ሀብትን ብቻ አይሸከምም። በቲምቡክቱ ከወርቁና ከጨው ጎን መጽሐፍ ይሸጥ ነበር፤ በ16ኛው ምእት ዓመት ከተማይቱን ያየው ሊዮ አፍሪካዊው፣ ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ ይልቅ ከመጽሐፍ የሚገኘው ትርፍ እንደሚበልጥ መስክሯል። ከጽሑፉ ጎን ለጎን ግሪዮ የሚባሉት የቃል ሊቃውንት የሰንዲያታን ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ እስከ ዘመናችን አድርሰዋል። ግሪዮው እንደ እኛ አዝማሪ ያወድሳል፣ ይወቅሳልም፤ ከዚህ በተጨማሪ ግን የትውልድ ሐረግ ጠባቂና የነገሥታት አማካሪ ነው።

የጎጃም ሊቃውንት በብራናና በቅኔ የታወቁ ናቸው፤ የዋሸራን ስም የማያውቅ የቅኔ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ የዓባይ ማዶ መንገድ ለጎጃም ያመጣውን የባህል ስጦታ ከአንድ ሰው ሕይወት አብልጦ የሚያሳይ የለም። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከዓባይ ማዶ ከኦሮሞ ምድር ተወልደው በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ጎጃም የመጡ ናቸው። በጎጃም አደጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፣ ሠዓሊም ሆኑ። የኢትዮጵያን ታሪክ ጻፉ፤ የጎጃምን ትውልድ ከዓባይ እስከ ዓባይ እየቈጠሩ መዘገቡ። ዛሬ አንድ የጎጃም ሰው የዘር ሐረጉን ለማወቅ ሲሻ ከሚከፍታቸው መጻሕፍት አንዱ፣ ከገዛ ወላጆቹ ቤት በጦርነት የተነጠለ ሕፃን አድጎ የጻፈው ነው። አባታቸው ዋቅጅራ የሚለው ስም ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ አልጠፋም።

ይህ ታሪክ በአንድ በኩል ያኮራል፣ በሌላ በኩል ያሳፍራል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይገባል። በዚያው መንገድ የተነዱት ሌሎች ብዙ ሕፃናት መጽሐፍ አልጻፉም። ባርነት በኢትዮጵያ በ1942 በዐዋጅ እስኪከለከል ድረስ ስንቶቹ በየቤቱ ስማቸው ተለውጦ፣ ቋንቋቸው ተረስቶ እንደ ቀሩ የሚናገር ብራና የለም። የማንሳ ሙሳን ወርቅ ስናደንቅ የቡሬን ቆፋሪና የታጋዛን ባሪያ ካላስታወስን፣ የባሶን ገበያ ስናወድስ በአሞሌ የተለወጠውን ሰው ካላስታወስን፣ የምንጽፈው የአፍሪካን ታሪክ አይሆንም፤ የኬላ ጠባቂዎችን መዝገብ መገልበጥ ይሆናል።

ከዚህም የሚከተለው ተግባር ሩቅ አይደለም። ማሊዎች የሰንዲያታን ታሪክ ከግሪዮዎች አንደበት ለቅመው ለዓለም አበርክተዋል። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በየጁቤ፣ እንዲሁም ከወንዙ ማዶ በጉድሩና በነቀምት፣ ከአያቶቻቸው ስለ ሲራራ፣ ስለ ኬላና ስለ ዓባይ መሻገሪያ የሰሙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ይኖራሉ። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ እነዚህ አዛውንት መላክ ይችላሉ፤ ከያንያንም ከተክለ ኢየሱስ ብሩሽ በኋላ ባዶ የቀረውን ሸራ፣ የጫኙንና የተነጂውን ፊት፣ ሊሥሉበት ይችላሉ። በወንዙ ሁለት ዳር የሚነገረው ቃል በአንድ ላይ ሲሰበሰብ የመንገዱ ታሪክ ይሞላል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከቀረ ግን ግማሽ ጭነት ነው።

ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ ዛሬም ዓባይን ይሻገራል። ፍኖተ ሰላም የሚለው የግዕዝ ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚያ አገር ላለፈው ሲራራ ሁሉ መንገዱ የሰላም አልነበረም፤ ስሙን እውነት ማድረግ ግን በዳርቻው ለሚኖረው ትውልድ የተተወ ሥራ ነው።